መካከለኛ ነዋሪ የምንለው ማንን ነው?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጽሕፈት ቤቱ ስም የተነበበ ንግግር። በዕለቱ ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



 ንግግሩ ትንሽ ረዘም ይላልና ሕፃናት የያዛችሁ እናቶች ወደ ጥላው ጠጋ በሉ።

እንደሚታወቀው ሁሉ በየካቲት ወር 2017 ዓ.ም. በተደረገው ስብሰባ ወርኃዊ መዋጮአችን በሦስት ደረጃ እንዲሆን በአንድ ድምፅ ወስነን ነበር። ይኸውም ከፍተኛ፣ መካከለኛና ዝቅተኛ በሚል ነው። የድንኳን ሸራው፣ ወንበሩ፣ የመኪና ኪራዩ፣ ለለቅሶ ቤት የሚገዛው ቡናና ስኳር ሁሉ ጨመረ። ሁሉም እኩል ይክፈል ብንል አቅም የሌለው ይወድቃል፤ ስለዚህ ያለው ጨመር አድርጎ የሌለውን ይደግፍ ተባባልን። ሐሳቡ ያኔም ጥሩ ነበር፣ አሁንም ጥሩ ነው።

ቅጽ አዘጋጅተን በየቤቱ አደልን። ቅጹ ሲመለስ ግን ጉድ አየን። ከጥቂቶች በስተቀር ሁሉም ሰው ምልክት ያደረገው «መካከለኛ» የሚለው ላይ ነው። ሙዝ በአይሱዙ እየጫኑ አዲስ አበባ የሚልኩ አባላችን መካከለኛ ብለዋል። ሲጠየቁም «መኪናው እኮ የባንክ ነው፤ ሀብታም ማለት ዕዳ የሌለበት ነው» አሉ። በቀን ሥራ የሚተዳደር ወንድማችንም መካከለኛ ብሏል። እሱ ደግሞ «ድሃ ነኝ ብዬ በእጄ አልፈርምም፣ ልጆቼ ቢያዩትስ?» አለ። ያን ዕለት ሁላችንም ስቀን ነበር። አሁን ስናስበው የሚያስቅ አልነበረም። አንዱ ዕዳውን፣ ሌላው ክብሩን ነበር የነገረን።

ከዚያ በኋላ ኮሚቴው «እንግዲያውስ እኛው ዞረን አይተን እንመድብ» አለ። ዞርን። ያየነው ግን ከውጭ የሚታየውን ነው። ቆርቆሮው አዲስ ነው ወይስ ዝገት በልቶታል? ግቢው ታጥሯል? ሮቶ ተሰቅሏል? የዲሽ ሳሕን አለ? ልጅ አዲስ አበባ ተቀጥሮለታል? በዚህ ዓይነት መዝገቡን ሞላነው፤ በሁለት ቅዳሜ ጨረስነው። የተሳሳትነውም እዚህ ላይ ነው።

አንዲት እናት አሉን። ስማቸውን አንጠራም፤ ጉዳያቸው እንዲነገር ግን እሳቸው ራሳቸው ፈቅደዋል። ቤታቸው ሦስት ክፍል ነው፣ የግቢያቸው በር ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል፣ ባለቤታቸው ጡረተኛ ናቸው፣ ልጃቸው ዲግሪ ይዞ አዲስ አበባ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጥሯል። ያለ ብዙ ክርክር መካከለኛ ብለን ጻፍናቸው። ሦስት ወር ከፈሉ። ከዚያ አቆሙ። ደንባችን እንደሚለው ሁለት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ላክን፤ መልስ ሲጠፋ ስማቸውን ሰረዝን። ማንም ገብቶ «ምን ሆናችሁ?» ያለ የለም።

ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ሌሊት ከዚያ ቤት ጩኸት ተሰማ። ባለቤታቸው አርፈው ነበር። እኛም ተሰርዘዋል እየተባባልን፣ እንሂድ አንሂድ ስንል ነጋ። ስንደርስ ከሌላ ሰፈር እድር በውሰት የመጣ ድንኳን ተተክሎ አገኘን። የእኛ ድንኳን መጋዘን ውስጥ ተጣጥፎ ነበር። ወደ ቤቱ ስንገባ ቁም ሳጥኑ የለም፣ አልጋው የለም፣ ቴሌቪዥኑም የለም። ለመድኃኒትና ለሕክምና ተሸጦ አልቋል። የበሩ ቀለምም ልጁ በተመረቀበት ጊዜ የተቀባ ነው አሉን። እኛ በሩን ነበር የመደብነው።

ይቅርታ ለመጠየቅ የሄድን ቀን እኚህ እናት «ልጆቼ፣ ድሃ ሆንኩ ማለት አፍሬ ነው እንጂ እናንተ ምን አጠፋችሁ» አሉን። አጥፍተናል። ስለዚህ ዛሬ የምንነጋገረው መዋጮ ስለመጨመርና ስለመቀነስ ብቻ አይደለም። መካከለኛ የምንለው ማንን እንደሆነ አጥርተን ካላወቅን ነገም ሌላ ቤት እንደዚያው እንዘጋለን።

አባላት ሆይ፤

ይህ ጥያቄ በእኛ አልተጀመረም። ታላላቆቻችን እንደሚያስታውሱት በደርግ ዘመን መካከል ላይ ያለው ሰው «ንዑስ ከበርቴ» ይባል ነበር፤ መምህሩም፣ ጸሐፊውም፣ ባለ ሱቁም በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን ደግሞ መስመሩ በኪራይ ተሰመረ። ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነውን ቤት ቀበሌ ያስተዳድራል፣ ከዚያ በላይ ያለው ወደ ኪራይ ቤቶች ይሄዳል። ያን ጊዜ መቶ ብር ሰውን ከሰው የሚለይ ገንዘብ ነበር። ዛሬ በመቶ ብር ምን እንደሚገዛ ገበያ የዋለች እናት ትንገረን።

ኋላም በ2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የጋራ መኖሪያ ቤት ምዝገባ ሲካሄድ ነዋሪው በሦስት መስመር ተከፈለ። 10/90፣ 20/80 እና 40/60 ተባለ፤ አነስተኛ ገቢ ያለው 10 በመቶውን፣ ሻል ያለው 20 በመቶውን፣ ከዚያ የተሻለው 40 በመቶውን እንዲቆጥብ ነው። ከዚያ ተመዝጋቢ ውስጥ እስከ ዛሬ ቤት ያልደረሰው ብዙ ነው። መካከለኛ ተብሎ መመዝገብና መካከለኛ ሆኖ መኖር የተለያዩ መሆናቸውን ከዚህ እንማራለን።

የግብር ሕጉም የራሱ መስመር አለው። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕግ መሠረት በወር እስከ 2,000 ብር የሚከፈለው ደመወዝ ከግብር ነፃ ነው። ከዚያ በኋላ 15፣ 20፣ 25፣ 30 በመቶ እያለ ይወጣና ከ14,000 ብር በላይ ባለው ላይ 35 በመቶ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ሌላ ደረጃ የለም። በወር 15,000 የሚያገኘውም 150,000 የሚያገኘውም የመጨረሻው መስመር ላይ ይገናኛሉ። በግብር ዓይን 15,000 ብር ያለው ሰው ላይኛው ደረጃ ደርሷል። ቤቱ ገብታችሁ ብታዩት ግን ምናልባት የቤት ኪራይ ይቸግረው ይሆናል።

ከአገራችን ውጭም እንዲሁ ነው። የአፍሪካ ልማት ባንክ በ2003 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ በቀን ከ2 እስከ 20 ዶላር የሚያወጣውን አፍሪካዊ ሁሉ መካከለኛ መደብ ውስጥ አስገባው። ይህ ዶላር የየአገሩ የዕቃ ዋጋ ተመዛዝኖ የሚሰላ እንጂ ባንክ ሄደን የምንመነዝረው አይደለም። ታዲያ ባንኩ ራሱ ከ2 እስከ 4 ዶላር ያሉትን ለይቶ «ተንሳፋፊ» አላቸው፤ ትንሽ ነገር ሲነካቸው ተመልሰው ወደ ድህነት ይገባሉና። እኛ በአባያና በጫሞ ዳር የምንኖር ሰዎች ተንሳፋፊ ማለት ምን እንደሆነ አስተማሪ አያስፈልገንም። ጀልባ ላይ ያለ ሰው አልሰጠመም፤ መሬት ላይ ግን አይደለም። ነፋስ እስኪነሳ ከዳር የቆመውና እሱ እኩል ደረቅ ናቸው። ከመካከላችን ብዙዎቻችን እዚያ ጀልባ ላይ ነን።

እነዚህ መስመሮች ሁሉ ለየራሳቸው ጉዳይ የተሰመሩ ናቸው። ግብር ሰብሳቢው ለግብሩ፣ ቤት አከፋፋዩ ለቤቱ ሰመረ። የእኛ ጉዳይ ሕመምና ሞት ነው። ስለዚህ የራሳችንን መስመር ማስመር አለብን።

ወደ ሂሳቡ እንግባ። እርሳስ ያላችሁ ያዙ።

ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ሲሻሻል ዝቅተኛው ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ በዲግሪ ተመርቆ የሚቀጠር ጀማሪ ደግሞ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። 11,500 ሲባል ጆሮ ላይ ትልቅ ነው። ግብሩ 2,100 ብር ይሆናል፤ የጡረታው 7 በመቶ 805 ብር ነው። እጅ የሚገባው 8,595 ብር ነው ማለት ነው። 6,000 የሚከፈለው ሠራተኛ ደግሞ ግብር 700፣ ጡረታ 420 ይቀነስበትና 4,880 ብር ይደርሰዋል።

እስከዚህ ባለ ዲግሪው ይበልጣል። አሁን ቤታቸው እንግባ። ባለ ዲግሪው አምስት ቤተሰብ አለው እንበል፤ የሚስት ገቢ የለም። 8,595 ለአምስት ሲካፈል ለአንድ ሰው በወር 1,719 ብር፣ በቀን 57 ብር ገደማ ይሆናል። ባለ 6,000ው ብቻውን የሚኖር ወጣት ቢሆን ግን በቀን 162 ብር አለው። በደመወዝ መዝገብ ላይ የበታች የሆነው በምግብ ገበታ ላይ የበላይ ሆነ ማለት ነው። እኛ በቅጻችን የጠየቅነው «ገቢዎ ስንት ነው?» ብለን ብቻ ነው። «ስንት ሆናችሁ ትበላላችሁ?» ብለን አልጠየቅንም።

የዚያች እናት ልጅም ለቅሶ ላይ ይህንኑ ሂሳብ ነገረን። እሱ ጀማሪ ባለሙያ ነው፤ የሚኖረው አዲስ አበባ በአንዲት ክፍል ቤት ነው። ከደረሰው ገንዘብ ከግማሽ በላዩን አከራዩ ይወስዳል፤ ቀሪው ለታክሲና ለምሳ አይበቃም። «ለእናቴ የምልከው ሳጣ ስልክ መደወልም ተውኩ፤ ብደውል ምን እላታለሁ?» ሲል አለቀሰ። እኛ መዝገባችን ላይ «ልጅ አዲስ አበባ አለ» ብለን በሀብት ቆጥረንባቸው ነበር። ውድ ከተማ ውስጥ ያለ ልጅ ሁልጊዜ ሀብት አይደለም፤ አንዳንዴ እሱም ረዳት የሚፈልግ ነው። ከሽሮ ሜዳ ሸማ እየሠሩ ወደ ጨንቻና ወደ ዶርዜ የሚልኩ ወገኖቻችንም የክሩ ዋጋና የቤት ኪራዩ ሲበላባቸው ያለቀሱትን ሰምተናል።

የእኛም ከተማ ቢሆን እንደ ድሮው ርካሽ አይደለችም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ዘይቱም፣ መድኃኒቱም፣ የባጃጅ መለዋወጫውም ተከትሎ ወጣ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት አርባ ምንጭ ከመቀመጫ ከተሞቹ አንዷ ሆነች። ደስ ብሎናል፤ ነገር ግን ሠራተኛ በመጣ ቁጥር የሴቻም የሲቀላም ቤት ኪራይ እንደሚንቀሳቀስ ተከራይ አባሎቻችን ያውቁታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። በሰፈራችን ትልቁ ልዩነት በደመወዝተኛና በነጋዴ መካከል ያለው አይመስለንም። በባለቤትና በተከራይ መካከል ያለው ነው። ግቢ ያለው ሰው፣ ደመወዙ ትንሽም ቢሆን፣ ከጓሮው ሃለኮ ቀጥፎ ይቀቅላል፣ ሁለት እግር ሙዝና አቮካዶ ይኖረዋል፣ ሰርቪሷን አከራይቶ የትምህርት ቤት ይከፍላል። ሰርቪሷ ውስጥ ያለው ተከራይ ደግሞ ቅጠሉንም ሳይቀር በብር ይገዛል። ባለ ግቢው ግን ገንዘብ ሲታመምበት ግቢውን ቆርጦ ሊበላው አይችልም። እንደዚያች እናት ቤት ኖሮት የሚበላ የሚያጣ አለ። ስለዚህ ቤት መኖር ብቻውንም መለኪያ አይሆንም።

አከራዮችንም ተከራዮችንም በዚህ አጋጣሚ የምናስታውሳችሁ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ነው። አዋጁ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል። በዚህ ግቢ ውስጥ አከራይም ተከራይም አብረን ተቀምጠናል፤ ዓይን ለዓይን እየተያየን ስለሆነ ከዚህ በላይ አንናገርም።

ሌላው የገቢው መዋዠቅ ነው። ከላንቴም ከሼሌም ከጫኖም ሙዝ የሚያስጭነው አባላችን ገበያው ሲሞቅ ከሁላችን ይበልጣል፤ መንገድ ሲዘጋ ሙዙ መኪና ላይ እየጠቆረ ያድራል። ዓሣ አጥማጁም፣ አስጎብኚውም፣ የሆቴል ሠራተኛውም እንዲሁ ናቸው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ እንግዳ ጠፍቶ ሆቴሎቻችን ዝም ያሉበትን ጊዜ አልረሳነውም። ከዚህም ሌላ ከቦንኬም ከጨንቻም ዘመድ ለሕክምና ሲመጣ ማደሪያው እኛ ጋ ነው። ለተማሪ ልጅም እንዲሁ። እንግዲህ የአንድን ሰው ኑሮ በአንድ ወር ገቢ መፍረድ አይቻልም።

ታዲያ በምን እንለካ? ኮሚቴው ብዙ ተከራክሮ ሦስት ጥያቄዎች ይዞ መጥቷል።

አንደኛ፤ ቤቱ ከወር እስከ ወር ሳይበደር ይዘልቃል ወይ? ሱቅ ላይ በዱቤ መዝገብ የሚኖር ሰው ደመወዙ ምንም ቢሆን መካከለኛ አይደለም።

ሁለተኛ፤ አንድ ሰው ቢታመም ወይም ሥራ ቢቆም ዕቃ ሳይሸጥ ሦስት ወር መቆም ይችላል ወይ? የዚያች እናት ቁም ሳጥን ያስተማረን ይህንን ነው።

ሦስተኛ፤ እንግዳ በድንገት ቢመጣ ቤቱ ይደነግጣል ወይስ አይደነግጥም? ይኸኛው ቀልድ የሚመስላቸው ይኖራሉ። ቀልድ አይደለም። ለሌላ የሚተርፍ አለ ወይ ማለታችን ነው።

ሦስቱንም «አዎ» ያለ፣ ከዚያም አልፎ የሚቆጥብ ወይም ሰው የቀጠረ ከፍተኛ ይባል። ሦስቱን ብቻ «አዎ» ያለ መካከለኛ ነው። ከሦስቱ አንዱን እንኳ «አይ» ያለ ዝቅተኛውን ይክፈል። ሦስቱንም «አይ» ያለ ለጊዜው ምንም አይክፈል፤ አባልነቱ ግን ሙሉ ነው፤ ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ቀባሪውም የእሱ ነው።

ሦስተኛውን ጥያቄ ከየት አመጣችሁት የሚል ካለ ከአባቶቻችን ነው። በጋሞ ደጋ ሀላቃ የሚሆን ሰው ድግስ ደግሶ ሕዝቡን ማብላት ነበረበት። የሰው ሀብት ጎተራው ውስጥ ባለው ብቻ ሳይሆን ለሌላው ባወጣው ይታይ ነበር ማለት ነው። በዱቡሻ ላይም ስለ አገር ጉዳይ አብረው ተቀምጠው ይመክራሉ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በከተማችን ወጣቶች ለበቀል በተነሱ ጊዜ እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ የተንበረከኩት ሽማግሌዎች ደመወዛቸው ስንት ነበር? የጠየቀ የለም። ወጣቱ ግን ቆመላቸው። ያን ቀን ከተማችንን ያዳናት ገንዘብ አልነበረም። ስለዚህ ዝቅተኛ የሚለው ቃል የመዋጮ ደረጃ ስም እንጂ የሰው ደረጃ ስም እንዳይሆን አደራ እንላለን። ቃሉ ያሳፍራል የምትሉ ከሆነ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ መዝገብ እንበለው፤ ኮሚቴው አይቃወምም።

እንግዲህ ለውሳኔ የቀረቡት የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ/ አሮጌው ምደባ ይሰረዝ። በዚያ ምደባ የተሰረዙት ሦስት ቤተሰቦች ያለ ቅጣት ይመለሱ፤ የቀረባቸው ውዝፍ አይጠየቁ።

2ኛ/ አዲሱን ቅጽ እያንዳንዱ ቤተሰብ ራሱ ይሙላ። መጻፍ ለማይችሉ ጸሐፊው ቤታቸው ድረስ ሄዶ ይጻፍላቸው። ቅጹን ከሦስት ሰው በቀር ማንም አያየውም፤ በዚህ ሰሌዳ ላይም አይለጠፍም። ሙዝ ነጋዴው አባላችን ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው ከፍተኛ በሉኝ፤ ስሜን ብቻ አትለጥፉት» ብለዋል። እግዚአብሔር ይስጥልን። ሌሎችም እንዲከተሏቸው እንጠይቃለን።

3ኛ/ ምደባው በየስድስት ወሩ ይታይ። ኑሮ ሲዋዥቅ መዝገቡ ቆሞ መቅረት የለበትም።

4ኛ/ ሁለት ወር ያልከፈለ አባል ደብዳቤ አይላክለት፤ ሁለት ሰው ሄዶ ይጠይቀው። ሲሄዱም ከበር ላይ አይመለሱ። ገብተው ቡና ይጠጡ፤ ቡና ከሌለም መኖሩንና አለመኖሩን ያያሉ።

አባላት ሆይ፤

«ቅጹን ራሱ ይሙላ ስትሉ ሰው ቢዋሽስ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ እናውቃለን። ይዋሽ ይሆናል። ባለፈው ግን ማንም ሳይዋሽ አንድ ቤት አጠፋን፤ መዝገባችን ትክክል መስሎን ነበርና። ካለው ሰው ጥቂት ብር ቢያመልጠን ማኅበሩ አይፈርስም። ከሌለው ሰው አስገድደን ስንወስድ ግን ማኅበሩ ምን ሊሠራ ይቆማል?

እኛም ኮሚቴዎቹ ቅጹን ሞልተናል። ከአምስታችን ሦስታችን ለሁለተኛው ጥያቄ «አይ» ብለናል። መካከለኛ ነን ስንል የኖርን ሰዎች ነን። ስንጽፈው እጃችን ከበደን፤ ከጻፍነው በኋላ ግን ቀለለን።

ያች እናት ዛሬ እዚህ አሉ። ከኋላ ወንበር ላይ ናቸው፤ ዞራችሁ አትዩአቸው። ስብሰባው ሲያልቅ ግን ሰላም በሏቸው።

ድምፅ የሚሰጠው በእጅ ሳይሆን በወረቀት ነው። ወረቀቱ በመዝገብ ያዥዋ በኩል ይታደላል። አስተያየት ያለው አሁን ይናገር፤ ማይክሮፎን የለንምና ጮክ በሉ።



የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት፣
አርባ ምንጭ